መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ለመቁጠር ላሰበች እህታችን

«ጓሳ በበጎ ፈቃድ ጭላዳ ቆጠራ ልሄድ አስቤያለሁ። ልምድ የለኝም፣ ሸክም እሆን ይሆን?» ብለሻል። ሂጂ። ሥራው ብርድ የሚችል፣ «አላየሁም» ብሎ ለመጻፍ የማያፍር ሰው ነው የሚፈልገው።

ጭላዳ ለቆጠራ የሚመቸው ገደል ውስጥ ስለሚያድር ነው። ማታ ይወርዳል፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከአፋፉ ራቅ ብለሽ ቁጭ ትያለሽ። መጀመሪያ አንድ ወንድ ብቅ ይላል። ጎፈሩን ነፋስ ያነሳዋል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ይታያል። ከዚያ እናቶቹ ይከተላሉ፣ ጥቋቁር ልጆቻቸው ሆዳቸው ወይ ጀርባቸው ላይ ተለጥፈው። ወጥተውም ቶሎ አይሄዱም፤ ፀሐይ እየሞቁ ፀጉር ይፈታተሻሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ቆዪ! ከገደሉ ገና የሚወጣ አለ፣ ትንንሾቹም ወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ። ሣር እየነጩ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ አንድ ጅብራ (ረጅሙን የደጋ ተክል) ምልክት አድርጊና ያንን ያለፈውን ብቻ ቁጠሪ። የተመለሰ ካለ ቀንሺ።

ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ እስኪያልቅ አይነጋገርም። ይሉኝታ የሚያበላሸው ይሄን ነው። አብሮሽ ያለው ጥበቃ ታላቅሽ ቢሆን እንኳ ቁጥርሽን ከሱ ጋር አታስማሚ። ልዩነቱ ከሰፋ እንደገና ይቆጠራል፣ በቃ። ሴትና ወጣት ወንድ ከሩቅ አይለይም፤ «ያልተለየ» ብለሽ ጻፊ።

በተረፈ የአካባቢውን ሰው ዓይን እመኚ። አንቺ ድንጋይ ነው ያልሽውን እሱ ቀይ ቀበሮ ይልሻል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ ብሎ እየሄደ አይጥ ያድናል፣ እነሱም አይሸሹትም። በአገሪቱ የቀረው ከ500 በታች ስለሆነ ካየሽ ሰዓቱንና ቦታውን ለብቻው መዝግቢ። የሰፈር ውሻ ከመጣ ግን መንጋው ሁሉ ወደ ገደሉ ይሮጣል፣ የዚያ ቀን ቆጠራም አበቃ።

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የደረስሽ ቀን አትሩጪ፣ ራስ ምታት አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ቀላል አይደለም። ጣቱ የተከፈተ ጓንት፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በብርድ እምቢ ይላል)፣ በሶና ቆሎ ያዢ። ለጭላዳ ግን ምንም አትስጪ።

አንድ ነገር ደግሞ። እረኞች «ለምንድን ነው የምትቆጥሩት? መሬቱ ሊወሰድ ነው?» ይሉሻል። ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ጓሳን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰኑ ለዘመናት ያቆዩት የመንዝ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት አዘጋጆቹን «ውጤቱን ለቀበሌው ሰው ተመልሳችሁ ትናገራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አይ ካሉሽ፣ እኔ ብሆን አልሄድም።