«የምጠይቀው ሰው የለኝም» ላልሽኝ ስፒች ቴራፒስት

ውድ እህቴ፣

ከአንቺ በፊት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አሉ፤ ያንቺን ግን ላሳድረው አልቻልኩም።

ለአንባቢ ባጭሩ ልንገር። በስፒች ቴራፒ፣ የንግግርና የመዋጥ ችግርን በሚያክመው ሙያ፣ ተመርቀሽ መሀል አዲስ አበባ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሠርተሻል። በግቢው ውስጥ ይህን ሙያ የተማርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ቦሌ ያለ አንድ የግል የልጆች ማዕከል በእጥፍ ደመወዝ ጠርቶሻል፤ እዚያም ብቻሽን ነው የምትሠሪው። እናትሽ «ዕድሉ ሳያመልጥሽ» ይላሉ። አጎትሽ «ማንም የማያውቀውን ሙያ ትተሽ ፋርማሲ ተማሪ» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ውጭ አገር ማስተርስ ታስቢያለሽ። ይህን ሁሉ ከዘረዘርሽ በኋላ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ይህችን ጣል አደረግሽ፦ «ስትሮክ የመታቸውን አንድ አባት በአፍ ይመገቡ ብዬ ብቻዬን ወሰንኩ። ትን ብሏቸው ይሆን እያልኩ ሳልተኛ ነጋ። የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

የደብዳቤሽ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ደመወዙም ፋርማሲውም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

መጨነቅሽ ልክ ነው። ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ምግቡ ወይም ምራቁ ወደ ሳንባው ሲወርድ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። አንዳንዱ ሲወርድበት ጭራሽ አያስልም፤ አጠገቡ የተቀመጠችው አስታማሚም ነርሷም አያውቁም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሁለተኛ ዓይን ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የሙያ ማኅበሩን የብቃት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ስፒች ቴራፒስት፣ ማስተርሱን ከጨረሰ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በሜንተር፣ ልምድ ባለው የሙያ መካሪ፣ ሥር ይሠራል። አንቺ በመጀመሪያ ዲግሪ፣ ገና ሥራ እንደገባሽ፣ ለአንድ ሙሉ ሆስፒታል የመጨረሻውን ቃል የምትሰጪ ሆንሽ። አሠራሩ የጎደለው ነገር አለ፤ የጎደለውን አንቺ ብቻሽን ልትሸከሚው አይገባም።

እኔ ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። አንዲት ሲኒየር ነበሩን፤ ከሰዓት በኋላ ታማሚ ሲቀንስ ወንበር ስበው ይቀመጡና «በዚህ ሳምንት ያልገባሽ ታማሚ ማን ነው?» ይሉኝ ነበር። የተሳካልኝን አይጠይቁም። እሳቸው ባይኖሩ በሙያው እቆይ ነበር ብዬ አላስብም። ስለዚህ ሜንተር እንደ ውለታ ሲቆጠር ስሰማ እናደዳለሁ። እንደ ጓንትና እንደ ሳሙና ለሥራው የሚያስፈልግ ነው።

ሜንተርሽ ግን አለቃሽ አይሁን። የሥራ አፈጻጸም የሚሞላልሽ ሰው ፊት «ይህ አልገባኝም» ማለት ይከብዳል። እንግሊዛዊቷ የምክር አገልግሎት አሠልጣኝ ብሪጂድ ፕሮክተር የሙያ ድጋፍ ሦስት ሥራ አለው ትላለች፦ ማስተማር፣ ሥራው ደረጃውን መጠበቁን ማየት፣ ሠራተኛውን ማበርታት። አለቃሽ ሁለተኛውን ይሠራልሽ ይሆናል። ሌሎቹን ከሌላ ቦታ ነው የምታገኚው።

ከየት አመጣለሁ ትይኛለሽ። ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አትፈልጊ፤ አታገኚውም። ለመዋጥ ችግሩ እዚያው ሆስፒታልሽ ውስጥ ጀምሪ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሙ፣ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ስፒች ቴራፒ አልተማሩም፤ ጉሮሮን፣ የሳንባን ሁኔታና አቀማመጥን ግን ያውቃሉ። ቻርቱ ላይ ከመጻፍሽ በፊት ከሚያክመው ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። ሌሊት ምን ምልክት ሲታይ ምግቡ እንደሚቆም ከነርሷ ጋር ወስኑና ይጻፍ። ያን ጊዜ ውሳኔው ያንቺ ብቻ አይሆንም።

ከዚያ አብረውሽ የተመረቁትን ፈልጊ። እነሱም በየሆስፒታሉና በየማዕከሉ ተበትነው ብቻቸውን ናቸው። አራት ኪሎ ለሁላችሁም ይቀርባል። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ቅዳሜ፣ አራት አምስት ሆናችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የከበዳችሁን አንድ ኬዝ ይዛችሁ ተገናኙ። ካፌ አይሁን፤ በሩ የሚዘጋ ክፍል ለምኑ። የታማሚ ስም አይነሳ፣ ቪዲዮና የቻርት ፎቶም ቴሌግራም ላይ አይላክ። ላንቃቸው ተሰንጥቆ ተወልደው፣ ተሰፍቶላቸውም አሁንም በአፍንጫቸው የሚናገሩ ልጆች የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነውና እዚያ የሠራ ሰው ጨምሩ።

በዙም የሚገኝ የውጭ ሜንተርም መልካም ነው፤ ሁሉን ግን ከእሱ አትጠብቂ። ለምሳሌ አይዲዲኤስአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የመዋጥ ችግር ላለባቸው የሚሰጥ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 በደረጃ ይከፍላል። የመጠጥን ውፍረት የሚለካው በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፤ ሞልተሽ 10 ሰከንድ ለቀሽ ስንት እንደቀረ ታያለሽ። ሲሪንጅ ሁሉ አንድ አይደለምና ከ0 እስከ 10 ያለው ምልክት 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ አረጋግጪ። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ገንፎ፣ በደንብ የራሰ ፍርፍር በየትኛው ደረጃ እንደሚመደቡ ለንደን ያለ ሜንተር አይነግርሽም። ቅዳሜ ዕለት እናንተው መድቧቸው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የንግግር ድምፆች መመዘኛም ቀ፣ ጠ፣ ጨን አይጠይቅም። የአማርኛውን የቃላት ዝርዝር ከእናንተ በቀር ማን ይሠራዋል?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ደመወዝሽ እንዳለ ለቤትና ለወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ እንደሚገባ፣ ቅዳሜ ለመውጣት የታክሲ እንኳ እንደማይተርፍሽ ጽፈሻል። በግልጽ ልንገርሽ፤ ቁርጥ ያለ መጠን ካልተናገርሽ እጥፍ ደመወዝ ቢመጣም እጥፉ እዚያው ይገባል። ወንድምሽ የግል ኮሌጅ ከመረጠ ሥራ ፈልጎ ከፊሉን ይክፈል። ለእናትሽ በየወሩ የምትሰጪውን ንገሪያቸው። ቅር ይላቸዋል፣ ያልፋል።

ስለ ማዕከሉ፣ እኔ ብሆን ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ዓመት እጨምራለሁ። ሆስፒታሉ ስትሮኩንም፣ ላንቃውንም፣ የጭንቅላት ጉዳቱንም ያመጣልሻል፤ ማዕከሉ ውስጥ በአብዛኛው የምታዪው ኦቲዝምና የንግግር መዘግየት ነው። ገንዘቡ ካስቸገረሽ በሳምንት ሁለት ቀን በትርፍ ሰዓት ሥሪላቸው። ሙሉ ጊዜ ካልሆነ ካሉ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ከሌላ ስፒች ቴራፒስት ጋር የምትመካከሪበት፣ ከደመወዝሽ የማይቀነስ ጊዜ ውሉ ላይ ይጻፍ በይ። እምቢ ካሉ አትግቢ።

አጎትሽን አክብሪያቸው፤ ፋርማሲ ግን አትማሪ። ማንም የማያውቀው ነገር እንደማይታወቅ አይቀርም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ሲከፍቱ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማ ስንት ወላጅ ነበር?

ማስተርሱ ይቆይ። በቅዳሜዎቹ የምትነጋገሩባቸው ኬዞች ማመልከቻ ስትጽፊ ያስፈልጉሻል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ታማሚ ስም፣ ምን እንደወሰናችሁና ውጤቱን በደብተር ያዢ።