«የሴት በሽታ» የተባለው ሉፐስና የሹፌሩ ትኩሳት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከሂርማታ አካባቢ ነው። ባለቤቴ 34 ዓመቱ ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ቡና ወደ አዲስ አበባ ይጭናል፤ በሰሊጥ ወቅት ደግሞ መተማ ድረስ ይወርዳል። ትኩሳት ከያዘው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ማታ ማታ ይግላል፣ ያልበዋል። ጠዋት ሲነሳ ጣቶቹን ማጠፍ ያቅተዋል፤ እስኪፍታቱለት ቡናው ተፈልቶ ያልቃል። መጀመሪያ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ጠጣ። ቀጥሎ ወባ ተባለ፤ ከዚያ ታይፎይድና ታይፈስ። ሲፕሮ ወሰደ፤ መርፌም ተወጋ። አንድ የምናውቀው የፋርማሲ ሰው ፕሬድኒሶሎን ሰጥቶት ሁለት ቀን ደህና ሆነ፤ ሲያቆም ባሰበት። አሁን አንድ ሐኪም «ሉፐስ ሊሆን ይችላል» ብሎ ኤኤንኤ የሚባል ምርመራ አዘዘለት። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግን የሴቶች በሽታ ነው ይላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቪዲአርኤል ፖዘቲቭ ነው፣ ቂጥኝ አለብህ መባሉ ነው። ቤታችን ታምሷል። ውጤቶቹን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ከጻፉት ልጀምር። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እያለ ሌላው ምክር አይሰማም።

ቪዲአርኤል የቂጥኙን ጀርም ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት የሚያመርተውን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ፣ ማለትም የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ይህ አንቲቦዲ በቂጥኝ ይወጣል፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ሰውነቱን በሚያጠቃበት በሽታ፣ በሉፐስም ይወጣል፤ አንዳንዴ በወባና በቲቢም ይታያል። ስለዚህ ቲፒኤችኤ ወይም ሌላ ማረጋገጫ ሳይሠራ «ቂጥኝ አለብህ» ሊባል አይገባም ነበር። ማረጋገጫው ፖዘቲቭ ከሆነ በፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል፣ እርስዎም ይመረመራሉ፤ በቃ። ነጌቲቭ ከሆነ ግን ወረቀቱን እንዳይጥሉት። ደም በቀላሉ እንዲረጋ የሚያደርጉ አንቲቦዲዎች እንዳሉበት ሊጠቁም ይችላል፤ እነሱ ደግሞ ከሉፐስ ጋር አብረው መገኘት ያዘወትራሉ። እስከዚያው ታረቁ።

«የሴት በሽታ» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከ10 የሉፐስ ሕሙማን 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ችግሩ አሥረኛው ወንድ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ሴት ስትመጣ የሚያስበውን ወንድ ሲመጣ አያስብም፤ በዚህ መሀል ጊዜ ያልፋል። ወንዶች ላይ ደግሞ በሽታው ኩላሊትን የመንካት ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። ኩላሊት ሲጎዳ አያምም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ነው የላኩልኝን ወረቀቶች ሳገላብጥ የገረመኝ። የታይፎይድ የደም ምርመራው ዊዳል ተደጋግሞ ተሠርቷል፤ አንድም የሽንት ምርመራ የለም! ተራው የሽንት ምርመራ ከኤኤንኤ (የራስን ሴል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችን ደም ውስጥ ከሚፈልገው ምርመራ) በፊት መምጣት ነበረበት፤ ዋጋውም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ነገውኑ ይሠራለት። ፕሮቲን ወይም ደም ከታየበት የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒን ይጨመር። ዊዳልን በተመለከተ እኔ ሆድ የባሰኝ ሰው ነኝ። ታይፎይድ በሞላበት አገር አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን ብዙም አይናገርም። አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም የሚያሳድግ ምርመራ) ቢሠራ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ፎቶው። አንዱን ወረቀት የያዘው የባለቤትዎ ግራ እጅ ነው መሰለኝ። ክንዱ ላይ ጠቆር፣ ሐምራዊ መሰል ሆኖ የተላላጠ ሽፍታ አለ። ሰዓት የሚያስርበት ቦታ ላይ ግን ቆዳው ንጹሕ ነው። ግራ ክንድ የሹፌር የመስኮት ክንድ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው እሱን ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ የሉፐስ ሽፍታ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ለሐኪሙ ይህን ያሳዩት፤ ከዚያ ቦታ ትንሽ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። የስልክዎን መብራት አብርተው ላንቃውንም ይዩ። እዚያ ላይ የማያም ቁስል ካለ እሱም ምልክት ነው። የምች ቁስል ግን በአብዛኛው ከንፈር ላይ ነው የሚወጣው፣ ያማልም።

ነጭ የደም ሴሉ 2,900 ነው፤ ዝቅ ብሏል። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአር 98 ነው፤ ከፍ ብሏል። ሉፐስ እንዲህ ያደርጋል። ግን ባለቤትዎ መተማ የሚወርድ ሰው ነው። የመተማ ቆላ የካላ አዛር (የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ) አገር ነው። ካላ አዛርም ለወራት ያተኩሳል፣ ነጭ ሴልን ይቀንሳል፣ ይባስ ብሎ ኤኤንኤን ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ጉዞ ለሐኪሙ ነግረውታል? ካልነገሩት ይንገሩት። ጣፊያው ይዳሰስ፣ የካላ አዛር የደም ምርመራ ይሠራ። ኤችአይቪ፣ የደረት ራጅና የቲቢ ምርመራም አይቅር። የዕጢ ነገርም መታየት አለበት፤ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር በትኩሳት ብቻ ሊጀምር ይችላል።

የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ፕሬድኒሶሎን ስላበረደው «ስለዚህ ሉፐስ ነው» እንዳይሉ። የሊምፍ ካንሰርንም ያበርዳል፤ ቲቢንና ካላ አዛርን ደግሞ ደብቆ ያሳድጋል። ሐኪም ሳያዝ አይደገም። እስካሁን የወሰደውን መጠን ግን ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ኤኤንኤው ሲመጣ እንዲህ ያንብቡት። ነጌቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆኑ ዕድል በጣም ያንሳል። ፖዘቲቭ ከሆነ ገና አላለቀም። 1:80 ላይ፣ ማለትም ደሙ 80 ጊዜ ቀጥኖ ሲመረመር፣ ከ100 ጤነኛ ሰው ከ10 በላዩ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በ2019 የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ያወጡት መስፈርት ከኤኤንኤ ተነስቶ ነጥብ ይቆጥራል፤ 10 መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት 2 ብቻ ነው። የነጭ ሴል ማነስ 3፣ በሁለት መገጣጠሚያ ላይ ሕመምና ጠዋት ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ግትርነት 6። ድምሩን እርስዎም አዩት። ሌላ የተሻለ ምክንያት ያለው ምልክት ግን አይቆጠርም፤ ካላ አዛሩና ቲቢው ቀድመው ይጣሩ ያልኩትም ለዚህ ነው። ከዚያ ሉፐስን ለማረጋገጥ የሚረዱት የደም ምርመራዎች፣ ፀረ ዲኤንኤ እና ሲ3፣ ሲ4 ይከተላሉ። ለቲቢ አይሶኒያዚድ ወይም ለደም ግፊት ሃይድራላዚን ወስዶ ከሆነም ይጠቀስ፤ ሁለቱም ሉፐስ መሰል በሽታ ያመጣሉ።

ከተረጋገጠ ዋናው መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ ጅማ ለወባ የምታውቀው የክሎሮኪን ዘመድ። ዓይኑ በየጊዜው መታየት አለበት። ለሹፌር ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሐኪሙ ሪፈር ጽፎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ክፍል ቢልከው ደስ ይለኛል። ቀጠሮው ሳይደርስ ፊቱ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም አረፋ ከበዛው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው፣ አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካመመው፣ ወይም ንግግሩ ከተወላገደ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።