ጀርም ገዳይ ሳሙና ወይስ ተራው? ከማቆያዬ ያየሁት

እህቴ፣ «የስምንት ወር ልጅ አለኝ፤ ጀርም ይገድላል የሚባለውን ሳሙና ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃል? ዋጋው እኮ እጥፍ ነው» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ተራውን ግዢ ባይ ነኝ። ይህን ያወቅኩት ገንዘቤን ከስሬ ስለሆነ ትንሽ ላውራሽ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ ልጆቹን ተራ በተራ ተቅማጥ ያዛቸው። አንዱ ተሻለው ስል ሌላው ይጀምረዋል። እናቶች ተቆጡ። እኔም ደንግጬ ሱቅ ሄድኩና ያንን ማስታወቂያው የማያልቅ ጀርም ገዳይ ሳሙና በካርቶን ገዛሁ። አንድ ወር ሙሉ ጠበቅኩ። ተቅማጡ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩና ዝም ብዬ አየሁ። አሥራ አራት ልጅ፣ አንድ ሳፋ። የመጀመሪያው ልጅ በንጹህ ውሃ ታጠበ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ጋ ሲደርስ ውሃው አመድ መስሏል። ከዚያ ሁሉም በር ጀርባ ምስማር ላይ በተሰቀለች አንዲት እርጥብ ፎጣ ተጠራረጉ። ሞግዚቷ ዳይፐር ቀይራ መጣችና እጇን እዚያው ሳፋ ውስጥ ለቅለቅ አደረገች። ሳሙናውስ? ማስቀመጫው ላይ ደርቆ፣ ጽሑፉ እንኳን ሳይጠፋ ተቀምጧል። ስጠይቃቸው «ውድ ነው ስላልሽ እየቆጠብን ነው» አሉኝ። ሳቄም እንባዬም መጣ።

በማግስቱ ቧንቧ ያለው ባልዲ ገዛሁ። ውሃው እየፈሰሰ ነው የሚታጠቡት፣ የአንዱ እጣቢ ሌላው ላይ አይደርስም። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጠለፈበት ትንሽ ፎጣ ሆነለት። ሳሙናው ደግሞ ርካሹ፣ ማንም የማይሳሳለት። ከዳይፐር በኋላ ያለ ሳሙና ሕፃን መንካት ክልክል ሆነ። ተቅማጥ ጭራሽ ጠፋ አልልሽም፤ ልጅ ባለበት አይጠፋም። ያ ተራ በተራ መውደቅ ግን ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ሳሙና ጀርሙን መግደል አይጠበቅበትም። ቆሻሻው እጃችን ላይ የሚጣበቀው ከቅባት ጋር ነው። ሳሙና በአንድ ወገኑ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዝና ሁሉንም አንሥቶ ይዞት ይሄዳል። ጀርም ገዳይ በሚባለው በፀረ ባክቴሪያው ሳሙና ላይ የተጨመረው ኬሚካል ደግሞ ዒላማው ባክቴሪያ ነው፤ ጉንፋንና ብዙው የሕፃናት ተቅማጥ ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በዚያ ላይ ኬሚካሉ እጅ ላይ መቆየት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ አምስት ሰከንድ አሸት አሸት አድርገን እንሮጣለን።

ይሄ የእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። ካራቺ፣ ፓኪስታን ውስጥ በድሃ መንደሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ለአንዳንዱ ቤት ተራ ሳሙና፣ ለሌላው ፀረ ባክቴሪያ ሰጡና አስታጠቡ። ተራ ሳሙና ባገኙት ቤቶች የትንንሽ ልጆች ሳንባ ምች፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲወዳደር፣ በ50 ከመቶ ቀነሰ፤ ተቅማጥም በግማሽ ያህል። በሁለቱ ሳሙናዎች መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንና ትሪክሎካርባንን ጨምሮ 19 ኬሚካሎች ለቤት በሚሸጥ መታጠቢያ ሳሙና ውስጥ እንዳይገቡ ወሰነ። አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ማሳየት አልቻሉም ነው ያለው። ሕጉ የእነሱ አገር ነው፤ እኛ ሱቅ ስትገቢ ግን እነዚህ ስሞች እንዳሉበት የማሸጊያውን ጀርባ ገልበጥ አድርገሽ አንብቢ።

የሆስፒታሉ ሌላ ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚታጠቡበትን፣ ወይም ሐኪም ለቁስል ያዘዘውን ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳልናገረው ሁሌ ያናድደኛል። የእናቶቻችን ማስታጠቢያ እኮ ድንቅ ነገር ነው፤ ውሃው ይፈሳል እንጂ አይጠራቀምም። ግን ልብ ብለሽ እንደሆነ፣ ከምግብ በፊት በውሃ ብቻ ለቅለቅ እናደርጋለን፤ ሳሙናው የሚመጣው ከበላን በኋላ፣ ወጡ እጃችን ላይ እንዳይሸት። ጀርሙን ከእንጀራው ጋር ጎርሰን ጨርሰን! እኔ ቤት እንግዳም ቢሆን ሳሙናው በፊት ይቀርባል። አማቴ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር።

ለልጅሽ ገላ ሽታ የሌለውን ለስላሳ ሳሙና ያዢ። ፀረ ባክቴሪያው ቆዳ ሊያደርቅ ይችላል፤ ያቺ ሞግዚታችን በኋላ ቁጠባውን ትታ ስትታጠብበት እጇ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ስትቀባ ነው የሰነበተችው። ፈሳሽ ከገዛሽ እንዲበረክት ብለሽ ውሃ አትጨምሪበት፤ ይበላሻል። ከዋጋው የተረፈሽን ብር ደግሞ ሦስት አራት ትንንሽ ፎጣ ግዢበት፤ በየቀኑ ቀይሪና ፀሐይ ላይ አስጪ።