ግሩፑን ሌፍት ያለው ልጅና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደም ከሰጠ ሁለት ወሩ ነው፣ ጓደኞቹ አሁንም ና እያሉት ነው፣ ልስጥ ወይ?

አትስጥ፣ ሶስት ወር ይሙላህ። እስከዛ ወረፋ ለያዙት ብስኩት አድል።

ከደሴ የበጎ ፈቃደኞች ሰብሳቢ ናት የጻፈችልኝ። ለክረምት የአንዲት እናት ጣራ ሊቀይሩ ብር ያሰባስባሉ፣ ግማሹ "ቲሸርትም እናሰራ፣ ሰው ይወቀን" ይላል፣ አንድ ልጅ ብቻ "የቲሸርቱ ብር ቆርቆሮ ይገዛል" ብሎ ሲሟገት ቆይቶ እጅ ሲቆጠር ተሸነፈ፣ ማታውን ቴሌግራም ግሩፑን ሌፍት አለ። አኩራፊ ነው ወይስ እኛ ነን ያስቀየምነው?

እህቴ፣ የላክሽልኝን ቃለ ጉባኤ አየሁት እኮ። "በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል" ይላል፣ አለቀ። ልጁ ስንት ቆርቆሮ እንደሚጎድል ቆጥሮ ያመጣው ሂሳብ የት ሄደ? መሸነፉን ይችለው ነበር፣ ጭራሽ እንዳልተናገረ ሆነ እንጂ።

በኛ ሰፈር ቅሬ (አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እድር ማለቴ ነው) ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። የሚቃወማቸው ሰው ሲጨርስ ወዲያው አይመልሱም፣ "እንዲህ ነው ያልከው ልጄ?" ብለው ነገሩን ከባለቤቱ አሳምረው ይደግሙታል፣ አዎ ሲባሉ ነው "እንግዲያው እኔ አልተስማማሁም" የሚሉት። አንዴ አባቴ ድንኳን አይገዛ፣ ያለው ይጠገን ብሎ ተሸነፈ። ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "ለብሩ የሳሳው አንተ ነህ፣ ድንኳኑን አንተ ያዝ።" እስኪቀደድ ድረስ እኛ ቤት ጓዳ ነው የተቀመጠው፣ እናቴ ቦታ አጣበበብኝ እያለች ስታማርር።

ስለዚ እቤቱ ሂዱ። "ሃሳብህ ጥሩ ነበር ግን" እንዳትሉት፣ ከግን በኋላ ያለውን ያውቀዋል። ሂሳቡን ራሳችሁ ድገሙለት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ፣ ቆርቆሮውንም እሱ ይግዛ። ባይመለስም ግሩፑ ላይ ስሙን የሚያነሳ እንዳይኖር። (በቲሸርቱ ነገር እኔም ከሱ ጋር ነኝ፣ ይቅርታ።)

ማህበራችን መመዝገብ አለበት ወይ ላላችሁኝ፦ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011ን አንብቡ፣ ጠበቃም ጠይቁ። እኔ ደብዳቤ አንባቢ ነኝ።

የመጨረሻዋ በ2014 መጀመሪያ የደሴ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሲሞሉ ምግብ ስታድል የነበረች ልጅ ናት። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የላትም፣ ስብሰባ ላይ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ልቧ ይመታል፣ ተነስታ ትወጣለች፣ ጓደኞቿ "ሆደ ባሻ" ይሏታል።

ጓደኞችሽ ይሄን ቃል ይተውት፣ ሰው በሚችለው ልክ፣ ሳይጮሁም መከራከር ይቻላል። አንቺ ግን ሃኪም ጋ ሂጂ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል። ፀበሉም ዱአውም አይቅር፣ ሃኪሙ ግን ይጨመር፣ "ያልፋል" እያልሽ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቀሻል አላለፈም። ሰኞ ሂጂ እሺ? ብቻሽን ከከበደሽ አንዷን ይዘሽ ሂጂ፣ ስትመለሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።