ዝርያው ነው ብለሽ ከመሸጥሽ በፊት ጎመኑን ጠርጥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ኒውዚላንድ የሚባለው ዝርያ ጥንቸሎች ናቸው ተብዬ ገዛሁ፣ 4 ወር ሞላቸው፣ 1 ኪሎ ተኩል እንኳ አልደረሱም፣ ሳርና ጎመን ነው የምሰጣቸው፣ ዝርያው ነው ወይስ ምግቡ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ጥንቸል ሳረባ 6 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንቺ ዝርያውን ስረግም ነው ያሳለፍኩት።

አንድ ጊዜ አንዷ እናት 8 ወለደችልኝ። በ35 ቀናቸው ጡት ሲጥሉ አራት አራት አድርጌ ለየኋቸው። ለአራቱ እንደ ድሮዬ ከገበያ የተረፈ ጎመንና ከግቢ የታጨደ ሳር። ለአራቱ ደግሞ አልፋልፋ (ፕሮቲን የበዛበት የመኖ ተክል)፣ ማታ ማታ ፉርሽካ ከፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ እህል የሚተርፈው) ጋር። በ10ኛው ሳምንት ስመዝናቸው የጎመኖቹ 1 ኪሎ ከምናምን ላይ ቆመዋል፣ የአልፋልፋዎቹ ወደ 1 ኪሎ ከ800 ተጠግተዋል። እናት አንድ፣ አባት አንድ፣ ኬጃቸው ጎን ለጎን። ከዚያ ወዲያ ዝርያ ላይ ማላከክ ተውኩ።

ጎመን እኮ ውሃ ነው። ከ1 ኪሎ ጥቅል ጎመን ከ900 ግራም በላይ ውሃ ነው፣ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆናቸውም። የሚያድግ ጥንቸል ከሚበላው ደረቅ ምግብ ውስጥ 16 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። በዚያ ላይ ቃጫ ያለው ደረቅ ሳር ከፊቱ መጥፋት የለበትም፣ አንጀቱ የሚንቀሳቀስለት በሱ ነው። (ለስላሳውን ኩሱን ከፊንጢጣው በአፉ ሲቀበል ካየሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ጤነኛ ነው፣ ሁለተኛ እየፈጨው ነው።)

እኔ የምሰጠው ፉርሽካ 6 እጅ፣ የበቆሎ ስባሪ 2 እጅ፣ የኑግ ፋጉሎ 2 እጅ፣ ጨው ቆንጠር አድርጌ። ጡት ለጣለ ግልገል በቀን ሁለት የቡና ሲኒ ይበቃዋል፣ የቀረውን በሳርና በአልፋልፋ ይሙላው። ይህን ስትሰሚ ደስ ብሎሽ ፉርሽካውን እንዳትከምሪላቸው አደራ። እኔ ቶሎ ይወፍሩልኝ ብዬ ሳሩን ቀንሼ እህሉን አበዛሁና በአንድ ሳምንት አምስቱ በተቅማጥ አለቁብኝ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ። ምግብ ስትቀይሪም ከ7 እስከ 10 ቀን እያቀላቀልሽ ቀስ በቀስ ነው። የዶሮ መኖ ስጪ የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ቃጫው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም ውስጥ ለዶሮ የሚገባው መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል።

አልፋልፋ ተወደደ ካልሽ የስኳር ድንች ሐረግ ፈልጊ፣ በኛ አካባቢ የሞላ ነው። ማታ አጭደሽ ጥላ ላይ ዘርግተሽ አሳድሪና ሲጠወልግ ስጪ። የአቮካዶ ቅጠል ግን በፍጹም! ግቢያችን ውስጥ ስላለ ብቻ ቆርጠው የሚጥሉላቸው ሰዎች አሉ፣ መርዝ ነው።

ውሃስ? «ጎመን እየበሉ ምን ውሃ ያስፈልጋቸዋል» ሲሉ እሰማለሁ። ደረቅ ምግብ ከጀመርሽ ውሃ የሌለው ጥንቸል መብላቱንም ያቆማል።

አሁን ወደ ዝርያው። ኒውዚላንድ ይባል እንጂ የተዳቀለው አሜሪካ ነው፣ በደንብ ከበላ በ10 ሳምንት 2 ኪሎ የሚሞላ፣ ሲያድግ 4 እና 5 ኪሎ የሚደርስ ነው። ችግሩ እዚህ ነጭ ሆኖ ዓይኑ ከቀላ ሁሉ ኒውዚላንድ ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ዓይኑን ተዪና ወላጆቹን አሳዩኝ በይ። እናትየው 2 ኪሎ ተኩል ከሆነች ልጇን በወርቅ ብትቀልቢው 4 ኪሎ አይሆንም። ካሊፎርኒያው፣ አፍንጫው፣ ጆሮውና እግሩ ጥቁር የሆነው፣ ለሥጋ ጥሩ ነው። ፍሌሚሽ ጃይንት የሚባለው ግዙፍ ዝርያ ግን ፎቶው አያታልልሽ። 6 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ግን ቀድሞ የሚያድገው አጥንቱ ነው፣ ብዙ ይበላል፣ የሽቦ ወለል ላይ እግሩ ይቆስላል። እኔ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ሌላው ማንም የማያወራው ነገር ዝምድና ነው። አንድ ወንድ ገዝተሽ ከሴት ልጆቹ፣ ከዚያም ከልጅ ልጆቹ ጋር የምታገናኚው ከሆነ ዝርያው ምንም ጥሩ ቢሆን ግልገሎቹ እያነሱ፣ እያነሱ ነው የሚሄዱት። ወንዱን በየዓመቱ ከሌላ አርቢ ጋር ተቀያየሪ፣ ገንዘብም አያስወጣሽም።

ኬጅሽ ቆርቆሮ ሥር ከሆነ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ራሱ ምግብ ያስጠላቸዋል። ዋናውን ምግብ ወደ ማታ አዙሪው፣ ድሮም የሌሊት በላተኞች ናቸው።

በልተው በልተው ሆዳቸው ተንጠልጥሎ ጀርባቸው ላይ አጥንት የሚዳሰስ ከሆነ ግን ነገሩ ምግብም ዝርያም ላይሆን ይችላል፣ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ይችላልና ኩሳቸውን ይዘሽ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ለማንኛውም በጆሮ አንጠልጥለሽ «ከብዷል» አትበይ፣ የወጥ ቤት ሚዛን ግዢ። ነገ ጠዋት ሳይበሉ መዝኛቸው፣ አመጋገቡን ቀይረሽ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ድገሚ። ከ3 ሳምንት በኋላ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የወንዱንም ፎቶ ጨምሪበት።