ጫጩቱ ከተጨመረ በኋላ

ይድረስ በጎንደርና በዙሪያዋ በዓሣ ሀብት ሙያ ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

የዓሣ ጫጩት ግድብ ውስጥ ሲጨመር ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ብዛቱ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ደስ ይላል። እኔ የምጠይቃችሁ ግን ሌላ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ? ይህን ክትትል ካልሠራችሁ የዚያ ቀን ቁጥር ምንም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ እወቁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። የ20 ዲግሪ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ እዚህ 7 ገደማ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ በደንብ ያድጋል፤ ሲበርደው እድገቱም መራባቱም ይዘገያል። «ለምን አላደገም?» ስትባሉ መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን ተመልከቱ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ኦክስጅንን ጎህ ሳይቀድ እንድትለኩ ነው። ቀን ቀን አልጌው፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ዕፅ፣ ኦክስጅን ይሠራል። ሌሊት ግን ዓሣውም አልጌውም ይጠቀማል እንጂ የሚሠራ የለም። ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ከሰዓት በኋላ የተለካ ቁጥር አለቃን ያስደስት ይሆናል፣ የዓሣውን ችግር ግን አያሳይም። ላዩን ብቻም አትለኩ። በሞቃትና ነፋስ በሌለበት ወቅት ታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር ሳይቀላቀል ይቆያል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። ከዚያ ኃይለኛ ነፋስ ወይም ቀዝቃዛ ሌሊት መጥቶ ሲያገላብጠው ዓሣ በጅምላ ሊሞት ይችላል። ሰው ያኔ «መርዝ ተጨምሮበት ነው» ይላል። በየጥልቀቱ የተለካ መዝገብ ከሌላችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈር ይዞ ይመጣል። የአንገረብን ግድብ ደለል ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ውኃው ምን ያህል እንደደፈረሰ ለማየት ሴኪ ዲስክ ይበቃችኋል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን ነው። በገመድ ታወርዱታላችሁ፣ ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ትጽፋላችሁ። ከቆርቆሮ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በጀት እስኪለቀቅ አትጠብቁ።

ጫጩት ስትጨምሩ ከረጢቱን ሳትፈቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውኃው ላይ አንሳፍፉት። ከዚያ የግድቡን ውኃ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ቀላቅሉ። ለሥራ ስትቸኩሉ የሚዘለለው ይህ ነው።

በኋላም በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ወር እያጠመዳችሁ ርዝመቱንና ክብደቱን መዝግቡ። አስጋሪዎቹንም ጠይቁ፤ ብዙ ያውቃሉ። የምታገኙት ሁሉ ትንንሽ ቆሮሶ ከሆነ ምናልባት ከመጠን በላይ ተራብቶ ይሆናል። አምባዛ፣ ሌላ ዓሣ የሚበላው ዓሣ፣ ጨቅላውን እየበላ ሊያሳሳው ይችላል፣ ግን ቀድሞ ከገባ አዲሱን ጫጩት ይጨርሰዋል።

ከሌላ አገር የመጣ ዝርያ ግን በፍጹም አታስገቡ። የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ነው የሚፈሰው። ከግድብ ያመለጠ ዓሣ መድረሻው እዚያ ነው፤ ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ። እምቦጭ ያደረሰብንን አይታችኋል።

መዝገቡን በደብተርም ያዙ፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቅር። ሥራ ስትቀይሩም ለተተኪያችሁ በእጁ አስረክቡት።