ቻይንኛ ተምረሽ ከሳይት አስተርጓሚነት ሌላ ስራ አለ ወይ ላልሽው

"ሁለተኛ ዓመት የቻይንኛ ተማሪ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ጨርሰሽ ሳይት ላይ ከማስተርጎም ሌላ ምንም የለሽም ይለኛል፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ትናንት አይቼው ነበር ግን ስራ ላይ ሆኜ ነው ያልመለስኩልሽ። እኔም ያጠናሁት ቻይንኛ ነው፣ ከተመረቅኩ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ መንገድ ስራም ፋብሪካም ሰርቻለሁ አሁን ደግሞ በግሌ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ሳይቱን አትናቂው። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ከአዲስ አበባ የራቀ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ነው፣ አዳሩም ካምፕ ውስጥ። የቻይንኛ ችሎታ ፈተናውን ኤችኤስኬ 5ን አልፌ ስለነበር ቻይንኛ የምችል መስሎኝ ነበር፣ ያኔ 2500 ቃል ማለት ነበር እኮ፣ ግን ከዛ ሁሉ ቃል ውስጥ ፌሮ የለም ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) የለም። አለቃዬ ደግሞ የሲቹዋን ሰው። ክፍል ውስጥ አራትን "ስ" አስርን "ሽ" ብለው ለይተው ነው የሚያስተምሩሽ፣ የሲቹዋንና የደቡብ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ሁለቱንም "ስ" ይሉታል፣ የድምፁን መውጣትና መውረድ ካልያዝሽ 14 እና 40 አንድ ይሆኑብሻል። ሰውዬው 14 ከረጢት ሲሚንቶ ከስቶር ይውጣ አለኝ፣ እኔ 40 ብዬ አስወጣሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ መጣ፣ ሸራ ፈልገን እስክንመጣ ከተረፈው 26 ከረጢት ግማሹ በሰበሰ። ከዛ ወዲህ ቁጥር በአፍ ብቻ ተቀብዬ አላውቅም በጣት አሳዩኝ ነው የምለው፣ አራት ያው አራት ጣት ነው፣ አስርን ሁለቱን ሌባ ጣቶች አጣምረው መስቀል ሰርተው ያሳዩሻል፣ ጭቅጭቅ የለም።

የሚገርምሽ ግን ያስደነገጠኝ ሲሚንቶው አይደለም። ካምፑ ውስጥ አንድ የወጥ ቤት ልጅ ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ከቻይናዎች ጋር ሦስት ፕሮጀክት የዞረ፣ ንግግሩ ከኔ ጋር አይወዳደርም። ይቀልዳል ይሳደባል፣ አለቃዬ በአገሩ ዘዬ ሲያወራ እንኳን ይገባዋል። ደሞዙ የኔ ግማሽ ነበር፣ እና ማታ ማታ ታዲያ እኔን ምን አስቀጠረኝ እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

መልሱን ያገኘሁት አንድ የድንጋይ ስራ የያዘ ሳብ ኮንትራክተር ውል ሊፈርም የመጣ ቀን ነው። ውሉ በቻይንኛ ብቻ ነው የተጻፈው፣ የወጥ ቤቱ ልጅ ከቻይናው አፍ የሰማውን "ስራው ሲያልቅ ገንዘብህን ትወስዳለህ" ብሎ ተረጎመለት፣ ሰውዬውም እስክሪብቶ አወጣ። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነበው "ጅባኦጂን" የሚል ቃል አለበት፣ ሪቴንሽን ማለት ነው፣ ለስራው ጥራት መያዣ ተብሎ ከክፍያው 5 በመቶው ለአንድ ዓመት ይያዛል ይላል። ልጁ አልዋሸም፣ ግን አንድም ፊደል አያነብም። ውሉ ተመልሶ አማርኛው ጎን ለጎን ተጽፎ ነው የተፈረመው፣ እኔም ከሳምንት በኋላ ከሳይት ወደ ቢሮ ተሳብኩ።

እና የኛ ዲግሪ የሚያበላው ፊደሉ ነው። ለወሬው ብቻማ አሁን አለቆቹ ራሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ፎርማኑ አፍ ላይ ይደግኑታል፣ ስልኩ ይተረጉማል። ውል ላይ ሲደርስ ግን ስልኩ ተሳሳተ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ስለዚህ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋሉ። አንቺ አሁን ሃንዙ (የቻይንኛውን ፊደል) መጻፍ ይሰለቻል ብለሽ በፒንዪን፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እየተንሸራተትሽ ከሆነ ያኔ ነው መፍራት ያለብሽ።

ቀጥሎ የገባሁት ዱከም አካባቢ ፋብሪካ ነው፣ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል)። ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ መንገድ እሱ ነው ባይ ነኝ። ቻይናዊው ማናጀር የአገሩን ሕግ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ጋ ውሉ ሦስት ዓመትና ከዛ በላይ ከሆነ የሙከራ ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል፣ እኛ ጋ በአዋጅ 1156/2011 ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም። አንዷን ኦፕሬተር በአራተኛ ወሯ "ሙከራ ላይ ናት አሰናብቱ" ሲለኝ ሁለቱንም ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት፣ ተናደደ፣ ከዛ ግን ማስታወቂያ ሁሉ እኔ ሳላየው አይለጠፍም ነበር። ያን ቀን የጠቀመኝ ቻይንኛዬ ብቻ አይደለም፣ አዋጁን ቁጭ ብዬ ማንበቤ ነው። ሁለተኛ ሙያ ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው፣ ሂሳብ ይሁን ትራንዚት ይሁን ሕግ፣ ኮርስም ሊሆን ይችላል።

አሁን የምሰራው ከመርካቶ ነጋዴዎች ጋር ነው። አሊባባን በእንግሊዝኛ ሁሉም ከፍቶ ያያል፣ 1688 የሚባለው ድረገጽ ግን የአሊባባ የአገር ውስጥ ገበያው ነው፣ በቻይንኛ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን ብዙዎቹ ሻጮች ኤክስፖርት አያደርጉም፣ ጓንጆ የምትባለው የቻይና ከተማ ላይ እቃ ሰብስቦ የሚጭን ኤጀንት ያስፈልጋል፣ ከሱ ጋር በዊቻት፣ በቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ፣ የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው እቃ ዝርዝር) እና ኢንቮይሱ (የሽያጭ ዋጋው ሰነድ) ካልገጠመ ጉምሩክ ላይ የሚያለቅሰው ነጋዴው ነው፣ እሱ ደግሞ የሚደውለው ለኔ ነው ሃሃ።

ሌላ ያልጠበቅኩት ስራ መኪና ነው። በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ሳይቀር እዛው ለቻይና ገበያ የተሰሩ ናቸው፣ ስክሪናቸው ቻይንኛ። አንድ ቀን የማውቀው ጋራዥ ደወለ፣ ቢጫ መልእክት መጥቶባቸው ባትሪው ሊበላሽ ነው ብለው ሊያወርዱት ነው። ፎቶ ላኩልኝ አልኩ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ቀንሷል ሙላ ነው የሚለው፣ አለቀ። አሁን ማንዋል እየተረጎምኩ ይከፍሉኛል። ቻይንኛ የሚያነብ መካኒክ ወይም የመለዋወጫ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ወንድም ካለሽ አስቢበት።

ማስተማርም አለ፣ ለነጋዴ ማታ ማታ፣ ለቻይናዎች አማርኛ ማስተማርም ይከፍላል እንዲያውም ይሻላል፣ ግን ቋሚ አይደለም። ስብሰባ ማስተርጎም የቀን ክፍያው ጥሩ ነው፣ በወር አንዴ ካገኘሽ። ለማስተርስ የቻይና መንግስት ስኮላርሺፕ ሞክሪ፣ ብቻ ፕሊስ እዛ ሄደሽ ድጋሚ ቻይንኛ አትማሪ! በቻይንኛ የሚሰጥ ሎጂስቲክስ ወይም ንግድ ሕግ ምናምን ያዢ፣ ሌላው አንድ ዓመት ቋንቋ ሲማር አንቺ በቀጥታ ትገቢያለሽ።

ሳይት ከገባሽ ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የመጀመሪያው መስሪያ ቤቴ ደሞዝ በፖስታ ነበር የሚሰጠን፣ ፔይሮል የለ ጡረታ የለ፣ ስወጣ የሰጡኝ የስራ ልምድ በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ ቀይ ክብ ማህተም የተመታበት ነው። ሁለት ቦታ ሲቪዬ ጋር አያይዤ "ይሄ ምንድነው?" ተብዬ ተመለስኩ፣ ራሴ ልተርጉመው ስል ደግሞ የራስህን ደብዳቤ ራስህ አትተረጉምም ተባልኩ።

ዲፓርትመንት አትቀይሪ፣ ፊደሉን ያዢ። የሳይት ቃላት የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፣ ፌሮ "ጋንግጂን" ካሳፎርማ "ሙባን" እያለ ይሄዳል፣ በውስጥ ጻፊልኝና ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዝናብ ስላገኛቸው ትንሽ ደብዝዘዋል፣ የዛው የሲሚንቶው ቀን ነው።